ለወገባችን ኤምአርአይ፣ ለልጃችን ክርን ወጌሻ?



ዛሬ የምጽፈው ምክር ብቻ አይደለም፤ ትንሽ ወቀሳም አለበት። እንደ እህት ውሰዱልኝ። አጥንትና መገጣጠሚያን በተመለከተ በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ መልእክቶች ከሞላ ጎደል ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው «ዶክተር፣ ወገቤን ካመመኝ 5 ቀን ሆነኝ፣ ኤምአርአይ የት ብነሳ ይሻላል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ዶክተር፣ ልጄ ወድቆ ወጌሻ አሽቶ አስሮለት ነበር፣ 3 ቀኑ ነው፣ አሁን ጣቶቹ አብጠዋል፣ ምን ልቀባለት?»

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩአቸው። ምስል በአብዛኛው የማያስፈልገው ሰው የወር ደመወዙን ይዞ ምስል ፍለጋ ይሮጣል። ምስል ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ የሚያስፈልገው ልጅ ደግሞ አንድ ራጅ ሳይነሳ በቀርቀሃ ይታሰራል። እኔ እንደሚመስለኝ የአጥንት ምርመራን በተመለከተ ትልቁ ችግራችን የመሣሪያ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ያለንንም በተሳሳተ ቦታ ማዋላችን ነው።

ከልጆቹ ልጀምር፣ የሚያንገበግበኝ እሱ ስለሆነ።

ከ5 እስከ 7 ዓመት አካባቢ ያለ ልጅ ከዛፍ፣ ከአጥር ወይም ከደረጃ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ነው መሬቱን የሚቀበለው። የውድቀቱ ኃይል በእጁ አልፎ ክርኑ ላይ ያርፋል። ከክርን ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው የክንድ አጥንት በዚህ ዕድሜ ስስ ስለሆነ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። በልጆች ክርን አካባቢ ከሚደርሱ ስብራቶች ሁሉ በብዛት የሚታየው ይህ ነው። አጥንቱ መሰበሩ ብቻውን ያን ያህል አያስፈራም፣ የልጅ አጥንት ፈጥኖ ይገጥማል። የሚያስፈራው ለእጅ ደም የሚያደርሰው ዋናው የደም ሥርና ሦስት ነርቮች በዚያው በክርን ዙሪያ የሚያልፉ መሆናቸው ነው። የተሰበረው አጥንት ጫፍ ሊወጋቸው ወይም ሊጫናቸው ይችላል።

አሁን በዚህ ባበጠ ክንድ ላይ ማሸት ጨምሩበት። ከዚያ ቀርቀሃ ደርድራችሁ በጨርቅ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። እብጠቱ ወደ ውጭ የሚወጣበት ሲያጣ ወደ ውስጥ ይጫናል። በጡንቻው ውስጥ ያለው ግፊት በጣም ሲጨምር ትንንሾቹ የደም ሥሮች ይታፈናሉ፣ ደም መግባት ያቆማል። ደም ያጣ ጡንቻ 6 ሰዓት ገደማ ሲሞላው ወደማይመለስ ጉዳት ይገባል። 6 ቀን አላልኩም፣ 6 ሰዓት ነው ያልኩት። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ያድራል፣ ቤተሰቡ «ስብራት ነው፣ ያማል እንጂ» ይላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ልጁ ማልቀሱን ያቆማል። እናት እፎይ ትላለች። ማልቀሱን ያቆመው ግን ስለተሻለው ላይሆን ይችላል፤ ነርቩ ስለሞተ ሊሆን ይችላል።

ድንገተኛ ክፍል የሠራ የሀገራችን ሐኪም ሁሉ ያንን የጠቆረ እጅ ያውቀዋል። በሆስፒታሎቻችን የተሠሩ ጥናቶችም ሕፃናት እጅና እግራቸውን ለመቆረጥ ከሚዳርጓቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ጠብቆ የታሰረ የወጌሻ ማሰሪያ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። ከባድ አደጋ ወይም ካንሰር ቢሆን ኖሮ እንኳ ያሳዝናል፤ ይሄ ግን በአንድ ራጅና በአንድ ልቅ ማሰሪያ መዳን የሚችል እጅ ነው።

«የጎረቤቴን ልጅ ግን ወጌሻው በአንድ ደቂቃ ነው ያዳነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለኝ አይጠፋም። አምናለሁ፣ አይተዋል። ከ1 እስከ 4 ዓመት ያለን ሕፃን እጁን ይዘን ሽቅብ ስንጎትተው፣ መንገድ ስናሻግረው ወይም ስንጫወት ስናሽከረክረው፣ በክርኑ ውስጥ ያለችው የአጥንት ጫፍ ከጅማቷ ትንሽ ሾልካ ትወጣለች። ልጁ እጁን አንጠልጥሎ አላንቀሳቅስም ይላል። እብጠት የለውም። ይህ ስብራት አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው እጁን አዙሮ ሲያጥፈው ጠቅ ብሎ ይገባል፣ ልጁም ከደቂቃዎች በኋላ ይጫወታል። እኛም ክሊኒክ ውስጥ የምናደርገው ይህንኑ ነው፣ ታሪኩ ግልጽ ከሆነ ራጅ እንኳ አናዝም። ወጌሻው የሚመሰገንበት ሙያ በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፣ ምስጋናውም ይገባዋል። ነገር ግን ይህንኛውን ከተሰበረው ክርን በእጅ ዳሰሳ ብቻ መለየት ሁልጊዜ አይቻልም። ወድቆ ያበጠ ክርን መጎተትም መታሸትም የለበትም።

ወጌሻን ለመስደብ አይደለም የምጽፈው። በብዙ ወረዳዎች ለቤተሰብ ቅርብ የሆነው፣ ሌሊትም በሩን የሚከፍተው፣ በዱቤ የሚያክመው እሱ ነው። እኔ የምለው ከራጅ በፊት እንዳያሽ፣ ካሰረም ጣቶቹን እያየ እንዲያላላ፣ ያበጠ ክርንና ቆዳ የቀደደ ስብራት ሲመጣለት ወደ ጤና ተቋም እንዲልክ ነው። ይህን የሚያደርጉ ወጌሾች አሉ። እንደ ጠላት ከማየት እነሱን ማሠልጠን ይሻላል ባይ ነኝ።

ራጅ የሚነሳበት ሆስፒታል ሩቅ ከሆነስ? እጁን ባገኛችሁት ሁኔታ እንዳለ ተውት፣ ለማቃናት አትሞክሩ። ካርቶን ወይም የታጠፈ ነጠላ ደግፋችሁ ላላ ባለ ጨርቅ ደረቱ ላይ አንጠልጥሉለት። ቀለበትና አምባር ካለ አውልቁ፣ በኋላ አይወጣም። ከዚያ ጉዞ። ማደንዘዣ ተሰጥቶት መስተካከል ሊኖርበት ስለሚችል መንገድ ላይ ምግብ አትስጡት። ክንዱ ቀድሞ የታሰረ ከሆነ ደግሞ ጣቶቹን በየሰዓቱ እዩ፦ ቀዝቅዘዋል? ነጥተዋል ወይስ ጠቁረዋል? ጣቶቹን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉለት ይጮሃል? «አይሰማኝም» ይላል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ማሰሪያውን እዚያው ፍቱት፣ የወጌሻውንም የጎረቤቱንም ፈቃድ አትጠብቁ። በጤና ተቋም የታሰረ ጀሶም ቢሆን ሕጉ ያው ነው፤ በሌሊትም ቢሆን ተመልሳችሁ ኑ።

ስለ ልጆች ራጅ አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። የልጅ አጥንት ጫፉ አካባቢ ገና ልም አጥንት ነው፣ ማደጊያው እዚያ ነው። ራጅ የሚያሳየው ካልሲየም ያለበትን ክፍል ስለሆነ ይህ የማደጊያ ቦታ በፊልሙ ላይ እንደ ክፍተት ይታያል። አንዳንድ ወላጅ ፊልሙን በመስኮት ብርሃን አይቶ «ይኸው ተሰንጥቋል!» ይላል፤ ጤነኛ ማደጊያ ነው። ተቃራኒውም አለ፤ እውነተኛ ስብራት በማደጊያው መስመር ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ለዚህ ነው ቢያንስ ከሁለት አቅጣጫ የምናነሳው፣ አንዳንዴም ጤነኛውን እጅ አንስተን የምናወዳድረው። «ያላመመውን እጅ ለምን ያነሱታል? ብር ለመብላት ነው» ብላችሁ አትቆጡ።

አሁን ወደ እኛ ወደ ትልልቆቹ እንምጣ።

ወገብ ያማል። ከባድ ዕቃ ሲነሳ፣ ልብስ ሲታጠብ፣ ቀኑን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ፣ ያለ ምንም ምክንያትም ያማል። አብዛኛው ድንገተኛ የወገብ ሕመም ኤምአርአይ ተነሳንም አልተነሳንም በ6 ሳምንት ውስጥ በደንብ ይቀንሳል። ስለዚህ ነው አደገኛ ምልክት ከሌለ በእነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት ምስል እንዳናዝ የሕክምና መመሪያዎች የሚመክሩን። ሐኪሙ ንቆዎት ወይም መሣሪያ ቆጥቦ አይደለም።

«ቢሆንም አይቶ ማወቅ ምን ይጎዳል?» ትሉኛላችሁ። ይጎዳል። እንዴት እንደሚጎዳ ላስረዳ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት ቀደም ሲል የተሠሩ 33 ጥናቶችን ሰብስቦ ከ3,000 በላይ ሰዎችን የአከርካሪ ምስል መርምሯል። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? እነዚህ ሰዎች ወገባቸውን ምንም የማያማቸው ናቸው። ውጤቱ እንዲህ ነበር፦ ከ20 ዓመት ወጣቶች ውስጥ 37 በመቶዎቹ ዲስካቸው የማርጀት ምልክት አለው። በ80 ዓመት ዕድሜ ይህ 96 በመቶ ይደርሳል። ዲስኩ ወጣ ወጣ ማለቱ ደግሞ በ20 ዓመት 30 በመቶ፣ በ80 ዓመት 84 በመቶ። አስታውሱ፣ አንዳቸውም ሕመም የላቸውም። የዲስክ ማርጀት እንደ ፀጉር ሽበት ነው ማለት ነው፤ ሽበት ስላለን ራስ ምታታችን ከሽበቱ ነው አንልም።

አሁን ወገቧን 5 ቀን ያመማት የ45 ዓመት እናት ኤምአርአይ ትነሳለች እንበል። ሪፖርቱ ላይ ዲስክ ማርጀቱ፣ ትንሽ መውጣቱ፣ መገጣጠሚያው መሻከሩ ይጻፋል፤ መጻፉ ግድ ነው፣ የራዲዮሎጂ ባለሙያው ያየውን ሁሉ መጻፍ አለበት። እሷ ግን የምታነበው «ዲስክሽ ተንሸራቷል» ብላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጀራ መጋገር ትተዋለች፣ ልጇን ማቀፍ ትፈራለች፣ ቤተ ክርስቲያን መስገድ ታቆማለች። ትተኛለች። ብዙ በተኛች ቁጥር ጡንቻዋ ይሰንፋል፣ ሕመሙ ይብሳል። «አላልኳችሁም? ዲስክ ነው» ትላለች። መርፌ፣ ቀበቶ፣ ጠበል፣ ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ኤምአርአይ። በመጀመሪያው ሳምንት የምትድን ሴት በወረቀት ታመመች።

ውጭ የምትኖሩ ወገኖቼ ይህ እናንተንም ይመለከታል። ከአሜሪካም ከዱባይም «ለእማዬ ብር ልኬያለሁ፣ ጭንቅላቷንም ወገቧንም ጉልበቷንም ኤምአርአይ አስነሱልኝ» የሚል መልእክት ይደርሰኛል። ፍቅሩ ይገባኛል፣ ከሩቅ ሆኖ መጨነቅ ከባድ ነው። ግን ያንን ብር እናታችሁን በእጁ ዳስሶ፣ አስነስቶ፣ አራምዶ፣ በመዶሻ ጉልበቷን መትቶ ለሚያያት ሐኪም ብታውሉት፣ ለፊዚዮቴራፒና ለደም ግፊት መድኃኒቷ ብታውሉት የበለጠ ታተርፋላችሁ። ኤምአርአይ ካስፈለጋት ያ ሐኪም ይነግራችኋል፣ የትኛው ቦታ እንደሚነሳም ያውቃል።

አንዲት እናት ታዲያ ምን አሉኝ፣ «ልጄ፣ ሐኪም ሳያነሳኝ ምን አየ ይባላል?» ሳቅኩኝ፣ ግን አነጋገራቸው እውነት አለው። ምስሉ ለብዙዎቻችን የመታከም ማረጋገጫ ሆኗል። ጥፋቱም የታካሚ ብቻ አይደለም፤ የእኛም የሐኪሞቹ ነው። በር ላይ 60 ሰው ሲጠብቅ አንድ ታካሚን 15 ደቂቃ ከመመርመርና ለምን እንደማያስፈልግ ከማስረዳት ወረቀት ጽፎ መላክ ይቀላል። መሣሪያውን በብድር የገዛ ተቋም ደግሞ መሣሪያው ሥራ ሲፈታ አይወድም። ይህን ስጽፍ የሥራ ባልደረቦቼ ቅር ሊላቸው ይችላል፣ ይበላቸው።

ግን ተጠንቀቁ፤ «ዶክተሯ ኤምአርአይ አያስፈልግም ብላለች» ብላችሁ እንዳትቀመጡ። ቀጥዬ የምዘረዝረው ያለበት ሰው 6 ሳምንት አይጠብቅም።

ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ሽንት አልወጣ ካለ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ድንዛዜ ካለ፣ እግር እየሰነፈ ከሄደ፣ ያ የነርቭ መታፈን ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለባችሁ። እዚህ ላይ ኤምአርአይ ቅንጦት አይደለም፤ ሰዓታት ናቸው በእግር በመሄድና በመቅረት መካከል ያሉት። ከባድ አደጋ ወይም ውድቀት ከደረሰ፣ አጥንታቸው የሳሳ አዛውንት ወይም ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በትንሽ ውድቀትም ቢሆን ካመመው፣ ቀድሞ ካንሰር የነበረበት ሰው ወገቡን ካመመው፣ ምስል ያስፈልጋል።

በእኛ ሀገር ደግሞ ከሁሉ በላይ የማልዘነጋው የአከርካሪ ቲቢ ነው። ቲቢ ሳንባን ብቻ የሚይዝ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አከርካሪ ላይ ሲቀመጥ ሳል ላይኖር ይችላል። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ለሳምንታትና ለወራት የማይለቅ፣ ሌሊት እንኳ ዕረፍት የማይሰጥ የጀርባ ሕመም፣ ማታ ማታ ላብ፣ ትኩሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ክብደት መቀነስ። ካልታከመ አጥንቱ ይናድና ጀርባ ላይ ጉብታ ያወጣል፣ እግርም ሽባ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል፤ ኤምአርአይ ግን ቀድሞ ያየዋል። ከሁሉ የሚያስቆጨው መድኃኒቱ ያለና በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ የሚሰጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ ኤምአርአይ ወረፋ ላይ እንዲቀድም የምፈልገው ይህን ሰው ነው፣ 5 ቀን ያመመውን አይደለም።

እዚህ ጋ ስለ «ራጁ ንፁህ ነው» ልናገር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው።

ራጅ የሚለው ቃል ጨረር ከሚል የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ነው። ጀርመናዊው ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ካገኘው ጀምሮ አሠራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም፤ ጨረሩ በሥጋ ያልፋል፣ በካልሲየም ይያዛል፣ ስለዚህ አጥንት ነጭ ሆኖ ይታያል። ጅማት፣ ልም አጥንት፣ ዲስክ፣ ነርቭ፣ በመገጣጠሚያ ውስጥ የገባ መግል በደንብ አይታዩበትም። ለእነዚህ ነው አልትራሳውንድና ኤምአርአይ የሚያስፈልጉት።

አጥንት ውስጥ የገባ ኢንፌክሽንን ውሰዱ። ልጁ ትኩሳት አለው፣ ከጉልበቱ በታች ወይም በላይ አንድ ቦታ ሲነኩት ይጮሃል፣ መርገጥ አልፈልግም ይላል። ራጅ ይነሳል፣ ንፁህ ነው፣ «ወለምታ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ራጅ ላይ ለውጥ ለመታየት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጃል፣ ምክንያቱም አጥንቱ ካልሲየሙን በብዛት ካላጣ ጥላው አይለወጥም። በእነዚያ ቀናት ኢንፌክሽኑ አጥንቱን ይበላል። ትኩሳት ያለው ልጅ እግሩን አልረግጥም ካለ ራጁ ንፁህ ቢሆንም አትመለሱ። የደም ምርመራ ይሠራ፣ ዳሌው ወይም ጉልበቱ ውስጥ ፈሳሽ መኖሩ በአልትራሳውንድ ይታይ። መገጣጠሚያ ውስጥ መግል ካለ በቀናት ውስጥ ልም አጥንቱን ያበላሸዋል፤ ልጁ ዕድሜ ልኩን ያነክሳል። በርግጠኝነት ልንገራችሁ፣ እናት «ልጄ ልክ አይደለም» ስትል ከፊልሙ በላይ የምሰማው እሷን ነው።

በትልልቆችም እንዲሁ አለ። ወድቃችሁ የእጅ አንጓችሁ በአውራ ጣት በኩል፣ ጣቱ ሲዘረጋ ጎድጎድ በምትለው ቦታ ላይ ካመማችሁ፣ እዚያ ያለችው ትንሽ አጥንት ስንጥቋ በመጀመሪያው ቀን ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ሐኪሙ ራጁ ንፁህ ሆኖ ሳለ አስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ተመልሳችሁ ድጋሚ ተነሱ ቢላችሁ እያመላለሳችሁ አይደለም። የደም አቅርቦቷ ደካማ ስለሆነ ተረስታ ከቀረች አጥንቷ ላይገጥም ይችላል።

የልጆች እግር መንጋደድም ሁልጊዜ ይጠየቃል። እስከ 2 ዓመት ድረስ እግር ቅስት መሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ተፈጥሯዊ ነው፤ ከ3 እስከ 4 ዓመት ደግሞ ጉልበት ለጉልበት መነካካት ይመጣል፣ ከዚያ ይስተካከላል። ነገር ግን ቅስቱ አንድ እግር ላይ ብቻ ከሆነ፣ ከ2 ዓመት በኋላ ከባሰ፣ ወይም የእጅ አንጓው ወፍሮ፣ ጥርሱ ዘግይቶ፣ መሄድ ተስኖት ከሆነ የአንጓና የጉልበት ራጅ ያስፈልገዋል። ሪኬትስ ማለትም የቫይታሚን ዲ እጥረት የሚያመጣው የአጥንት መለስለስ በፊልሙ ላይ ይታያል፤ የአጥንቱ ጫፍ እንደ ስኒ ጎድጉዶ፣ ጠርዙ እንደ ተበጣጠሰ ጨርቅ ይሆናል። 13 ወር ፀሐይ ባለበት ሀገር ይህን በሽታ ማየታችን ይገርማል፣ ግን ሕፃናቱን ከዓይንና ከብርድ እየሸሸግን ቤት ውስጥ ነው የምናሳድጋቸው። ጉዳዩ የእግር ቅርጽ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራ ጥናት የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት 210ሩ ላይ ሪኬትስ አግኝቷል፤ ምች ከሌለባቸው 500 ሕፃናት ግን 20ዎቹ ላይ ብቻ። ስለዚህ «የእግሩ ነገር ሲያድግ ይስተካከላል» ከማለታችሁ በፊት አሳዩት።

አራስ ያላችሁ ደግሞ እግሩን ቀጥ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ አትጠቅልሉት፣ ለዳሌው ውልቃት ያጋልጣል። እግሩ ተከፍቶ በአንቀልባ መታዘሉ ግን ለዳሌው ጥሩ ነው፤ አያቶቻችን በዚህ ልክ ነበሩ። በወሊድ ጊዜ በቂጡ የመጣ ወይም በቤተሰቡ የዳሌ ውልቃት ያለበት ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት ዳሌው በአልትራሳውንድ ይታይ፤ በዚያ ዕድሜ የዳሌው ራስ ልም አጥንት ስለሆነ ራጅ ብዙ አያሳይም።

ጨረሩስ አይጎዳም ወይ? ይህን የሚጠይቁኝ በብዛት የልጁን ክርን ማስነሳት የፈሩ ወላጆች ናቸው፤ የወገብ ሲቲ ስካን የሚፈልግ ሰው ግን ሲጠይቀኝ አላጋጠመኝም። ሁላችንም ከአፈር፣ ከአለትና ከሰማይ በየቀኑ ጥቂት ጨረር እንቀበላለን። የእጅ ወይም የእግር አንድ ራጅ የሚሰጠው ጨረር በተፈጥሮ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከምናገኘው አይበልጥም። የወገብ ራጅ ግማሽ ዓመት ገደማ ከምናገኘው ጋር ይቀራረባል። የአከርካሪ ሲቲ ስካን ደግሞ እንደ መሣሪያው ሁለት ሦስት ዓመት የምናገኘውን ያህል ሊሆን ይችላል። ኤምአርአይና አልትራሳውንድ እንዲህ ያለ ጨረር የላቸውም፤ ኤምአርአይ የሚሠራው በማግኔት ነው፣ ስለዚህ በሰውነታችሁ ውስጥ ብረት ወይም የልብ ምት መሣሪያ ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ። እርጉዝ የሆነች ወይም የጠረጠረች ሴት ደግሞ ክፍሉ ሳትገባ ትናገር። ስለዚህ ለክርኑ ራጅ አትፍሩ። ሲቲ ስካንን ያለ ምክንያት አትደጋግሙ።

ሐኪም ምስል ሲያዝላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። «ዶክተር፣ በዚህ ምስል ምን ሊገኝ ይችላል ብለው ነው? ቢገኝስ ሕክምናዬ ይቀየራል?» በሉት። በትሕትና ከተጠየቀ የሚከፋ ሐኪም ካለ የእሱ ችግር ነው። መልሱ «ምንም አይቀየርም» ከሆነ ብራችሁን ኪሳችሁ አድርጉ። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ አዛውንቶች ደግሞ ራጅ ስትነሱ ቆማችሁ እንዲያነሷችሁ ጠይቁ፤ ተኝታችሁ ከተነሳችሁ በአጥንቶቹ መካከል ያለው መጥበብ አሳንሶ ያሳያል። ፊልማችሁንም አትጣሉ። ከ2 ዓመት በፊት የተነሳ አሮጌ ፊልም ከአዲሱ ጋር ሲነጻጸር አንዳንዴ ሌላ ምርመራ ያስቀራል።

በመጨረሻም ፊልም በስልክ አንስታችሁ በቴሌግራም ለምትልኩልኝ፦ መብራት ያንጸባረቀበት የስልክ ፎቶ ላይ ስንጥቅ አለ ወይም የለም ብዬ አልፈርድም፣ አትቀየሙኝ። የሪፖርቱን ጽሑፍ፣ ዕድሜያችሁን፣ መቼና እንዴት እንደጀመረ፣ ሌሊት ይብሳል ወይስ በሥራ፣ ትኩሳትና የክብደት መቀነስ መኖሩን ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ በዚያ ላይ ተመሥርቼ ወዴት ብትሄዱ እንደሚሻል እነግራችኋለሁ። የልጃችሁ ጣት አብጦ ወይም ቀዝቅዞ ከሆነ ግን መልእክት አትጻፉልኝ፣ ማሰሪያውን ፈታችሁ አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ስለ ሪህና የዩሪክ አሲድ የጠየቃችሁኝን በሚቀጥለው ሳምንት እጽፋለሁ።